የላምባው ቦይለርና የወተፍኩት ቀዳዳ

በሰው አገር፣ ኤድመንተን የሚባል ሰፈር ያለውን ቤታችንን ስንገዛ ጎረቤቱ ሁሉ በጋዝ ይሞቅ ነበር፤ የእኛ ቤት ብቻ በላምባ። ታንከሩ ጓሮ፣ ቤቱንና ውሃውን የሚያሞቀው፣ ፍሪጅ የሚያህለው ቦይለር ደግሞ ወጥ ቤቱ ጥግ ቆሟል። ሰው ሁሉ አስነቅላችሁ ጣሉት ሲለን፣ እኔ መመሪያውን መዝገበ ቃላት ይዤ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሂትሮው አየር ማረፊያ ጽዳት ስሠራ ግን የጥገና ሰዎች የማሽን ክዳን በከፈቱ ቁጥር መጥረጊያዬን ተደግፌ አይ ነበር፤ ዲፕሎማ ያለው ያላየውን አይቻለሁ። ያንን ቦይለር ማንም ሳይነካብኝ ሃያ ዓመት ያህል አሠራሁት።

አምና ብርዱ ሲገባ ጥላሸት መትፋት ጀመረ። ልጄ ከቤተ ክርስቲያን የምታውቀውን፣ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር የሚኖር ያገራችንን ሰው አመጣችብኝ። ቴክኒሻን ነው። በባትሪ ውስጡን አየና፣

«ጋሼ፣ ይሄስ ጡረታ ይውጣ። ሆዱ ዝጓል» አለኝ።

«እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። እኔንስ ልትጥሉኝ ነው?»

ባለቤቴ ከምድጃው ዞር ብላ፣ «አንተን የሚረከብ ቢገኝማ!» አለች። ተሳሳቅን። ከዚያ ለሰውየው፣ «ተወው፣ እሱ ይሠራዋል» አለችው። እንዲህ ከተባለልኝ በኋላ አዲስ ልገዛ ነው?

ማቃጠያውን አውርጄ አጸዳሁ፤ ላምባውን የሚረጨውን አፍንጫ ለወጥኩ። ነበልባሉ ቀጥ አለ።

በሳምንቱ ባለቤቴን ሳል ያዛት። ቦይለሩ አጠገብ ግድግዳው ወደ ውጭ የተበሳ ቀዳዳ አለው፤ ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው። እኛ አበሾች ሽው የሚል ንፋስ እንዴት እንደምንፈራ የታወቀ ነው። ቀዳዳውን በአሮጌ ፎጣ ወተፍኩት። መመሪያው ላይ ስለዚያ ቀዳዳ አንድ ገጽ ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። ለማያውቅ ሰው የተጻፈ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ራሷን ያማት ጀመር። ምች ነው አልን። ነጭ ሽንኩርት በላች፣ ራሷን በሻሽ አሰረች፣ በሩንም ይበልጥ ዘጋን። እሑድ ቅዳሴ ቆማ ስትመለስ ደህና ናት፤ ሰኞ ወጥ ስትሠራ ይነሳባታል። «ጸበሉ ነው የሻለኝ» ስትል እኔም አመንኩ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከገበያ ስመለስ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቃ አገኘኋት፤ ወጡ አርሯል። ጎትቼ ጓሮ አወጣኋት። ሐኪሞቹ ከቦይለሩ የሚወጣ፣ የማይሸትና የማይታይ ጋዝ እንደመረዛት ነገሩን።

ቴክኒሻኑ ተመልሶ መጣ። ፎጣውን መዞ አወጣና፣

«እሳቱ የሚተነፍስበትን ማን ወተፈው? አየር ሲያጣ እኮ ነው መርዝ የሚያወጣው» አለ።

«እኔ።»

ፎጣውን መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ፣ ሊያጽናናኝ ይሁን ከልቡ አላውቅም፣ «ማቃጠያውን ግን ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት፣ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጥሩ አድርጌ ሠርቼዋለሁ። በእጄ ሥራ ተመስግኜ ያፈርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አዲስ ቦይለር አስገባን። ባለቤቴ ግን ወደዚህ ቤት አልተመለሰችም። ከሆስፒታል ስትወጣ ልጄ ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። የልጆቿን ስም አንዳንዴ ታስታውሳለች፣ አንዳንዴ ይጠፋባታል፤ ማንኪያ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል። በየቀኑ በአውቶቡስ እየሄድኩ አበላታለሁ። ሲመሽ ካፖርቴን ስለብስ ልጄ በሩን ትከፍትልኛለች። «አባባ፣ እዚሁ እደር» ብላኝ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኳትም።