ሰማያዊው መስቀልና የአክስቴ ልቅሶ

አክስቴ አልቃሽ ነበረች። ከከተማችን ፒያሳ እስከ ዳር መንደሩ ቡሹሎ ሰው ሲሞት ትጠራለች፤ ድንኳን ገብታ ሟቹን በግጥም ስታወድሰው፣ ሚስቱ ራሷ «የማን ባል ነው ይሄ?» ትላለች። አንድ አመል ብቻ ነበረባት፤ የተዋሰችውን ድስት አትመልስም።

በደርግ ጊዜ ቀበሌያችን የወዳጅ አገር የሩማንያን ፎቶዎች አዳራሽ ውስጥ ሰቅሎ የሴቶች ማኅበር አባላት ነቅለን እንድንወጣ አዘዘን። ካድሬው ትራክተሩንና ባለ ዓምዱን ቤተ መንግሥት እያሳየ ጉሮሮው እስኪደርቅ አወራ። አክስቴ ግን አንድ ጥግ ተተክላ ቀረች። ፊቷ ያለው የመቃብር ፎቶ ነው። የእንጨት መስቀሎቹ ሰማያዊ ተቀብተው ሰርግ ቤት መስለዋል፤ በላያቸው የሟቾቹ ሥዕልና ጽሕፈት አለ።

«ምን ይላል ልጄ?» አለችው፣ እዚያ አገር ተምሮ የመጣውን የእርሻ ባለሙያ።

«ግጥም ነው እማማ። የሟቹን አመል ነው የሚጽፉት። ይሄኛው ጠጪ ነበር፣ ይቺ ደግሞ ሐሜተኛ።»

«መቃብሩ ላይ?»

«አዎ። ሰው ይመጣል፣ ያነባል፣ ይስቃል።»

ወደ ቤት ስንመለስ በራችን ጋ ቆመች።

«እኔ ስሞት ማን ነው የሚያለቅስልኝ?»

«እኔ ነኛ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እንዳትዋሺብኝ! ስንቱን ሌባ ጻድቅ አድርጌ ቀብሬያለሁ። እኔንም እንደዚያ ከቀበራችሁኝ፣ ማን እንደሞተ በምን ይታወቃል? ማይልኝ!»

ማልኩላት፤ ጎረቤታችን ካድሬው እግዜርን ስጠራ እንዳይሰማ፣ በሹክሹክታ።

ዓመታት አልፈው ሞተች። ድንኳኑ ሞላ። አልቃሾቹ ተራ በተራ «መልአክ ነበረች» አሉ። ሕዝቡ አቀርቅሮ ይሰማል፤ ዓይኑ ግን ደረቅ ነው። ተራዬ ደረሰ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ለአክስቴ ድስት አውሳ ያልተመለሰላት ጎረቤታችን ናት። ብዋሽ መሐላዬን አፈርሳለሁ፣ እውነቱን ብናገር ሰው ያባርረኛል። ዓይኔን ጨፍኜ አወጣሁት፤

«ያንቺን ብረት ድስት፣ አትጠብቂ በቃ፣
ሄዳለች አክስቴ፣ ክዳኑን አጥልቃ።»

የእድሩ ዳኛ ከዘራቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። በመጨረሻ ባለድስቷ «ወይኔ ድስቴ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች፤ ሁሉም ተከተላት። ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ፣ ደረት የሚያስመታ። እስከዚያ የሞተው የማናውቀው መልአክ ነበር፤ እሷ የሞተችው ገና አሁን ነው።

በሦስተኛው ቀን ድስቱን ከአክስቴ አልጋ ሥር አውጥቼ ለባለድስቷ ወሰድኩላት። ገልበጥ አድርጋ አየችውና መለሰችልኝ።

«ተዪው» አለችኝ። «ክዳኑን አጥልቃው ከሄደች ምን ያደርግልኛል?»