የሲፈን ቀኝ እጅ

ብርቱካን ሲላጥ ሽታው ገና አፍንጫዬ ጋ ሳይደርስ ሰበታ ያለው የቤታችን ደጃፍ ይመጣብኛል። ማክሰኞ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ከጋራዥ ገብቶ፣ ታጥቦም ያልለቀቀው ግሪስ ጥፍሩ ውስጥ እንዳለ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ገና ዳዴ ያልጀመረችው ልጁ ሲፈን ሰሌን ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታ ትጠብቀዋለች። ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር በየቤቱ የሚወራበት፣ በተቃውሞው መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመበት ዓመት ነበር። ትምህርት ስለተቋረጠ እኔም ቤት ነበርኩ። ያ ቀን ግን እንደማንኛውም ቀን ነበር። ስጽፈው የሚያስቸግረኝም ይኸው ነው። ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም።

ደረጀ ብርቱካኑን ሲዘረጋላት ሲፈን በግራዋ ላፍ አደረገችው።

ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ደረጀ፣ ያንተ ልጅ መሆኗ አሁን ተረጋገጠ!» አሉ።

የደረጀ ሚስት ጫልቱ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ቀና ብላ «እስከ ዛሬ ይጠራጠሩ ነበር እንዴ ኦቦ?» ስትላቸው ሁላችንም ሳቅን።

እማዬ ግን አልሳቀችም። «ሰው ፊት በግራዋ ልትበላ ነው? በግራዋ ልታጎርስ? ሳይጠናባት ማስተው ነው እንጂ!»

ደረጀም ግራኝ ነበር። ሕፃን ሳለ እማዬ ግራ እጁን በካልሲ ሸፍና፣ በጨርቅ እያሰረች በቀኙ መብላት አስለመደችው። ያስለመደችው ታዲያ መብላቱን ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ግራ ሆኖ ቀረ። ብይ ሲጫወት ማንም በማይጠብቀው በኩል እየመጣ የሰፈሩን ልጆች ብይ ጠርጎ ይወስድና፣ ኪሱ ከብዶት ሱሪውን በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ወደ ቤት ይገባ ነበር። ከተፍኪ የሚመጣ እሸት ሽምብራ ሲገዛልኝ በግራ አውራ ጣቱ እየፈለፈለ አንዱን ለእኔ አንዱን ለራሱ ያደርጋል፤ ለእሱ የሚደርሰው ግን ሁልጊዜ ፍሬ የሌለው ነበር። ትምህርት ቤት ሲወስደኝ የሚይዘኝ በግራው ስለሆነ ልጅነቴን በሙሉ በግራው በኩል ተራመድኩ፤ ከወጨጫ የሚወርደው የጠዋት ብርድ ሲያይል የእኔንም የእሱንም እጅ አንድ ላይ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ዛሬም ከሰው ጋር ስሄድ ሳላውቀው ወደ ግራው እዞራለሁ።

ያን ማክሰኞ እማዬ በነጠላ ቁራጭ የሲፈንን ግራ እጅ ከወገቧ ጋር አሰረችው። አላጠበቀችውም። ደረጀም አልከለከላትም፤ እሱም እንዲሁ ነው ያደገው። ሌላ ቁራጭ ብርቱካን ይዞ «በይ ሲፉ፣ በቀኝሽ» አላት።

ልጅቷ ብርቱካኑን አየችው። የታሰረውን እጇን ሳብ ሳብ አደረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አፏን ወደ ብርቱካኑ አስጠጋች። ቀኝ እጇ እንደተጨበጠ ጭኗ ላይ ቀረ። ኦቦ ቶሎሳ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ደረጀ አልሳቀም። የቀኝ እጇን ጣቶች በጣቱ ነካካቸው። አልተከፈቱም።

«እማዬ፣ ፍቺያት።»

«ምን ሆንክ? እንዳንተው ናት እኮ፤ ትለምደዋለች።»

«እኔን ስታስሪኝ በቀኜ አልቀማሽም ነበር?»

«ከነሳህኑ ነበር የምትገለብጠው!»

«እሷ ግን አልሞከረችም። ግራኝ ብቻ ብትሆን ቀኟ ዝም አይልም።» ጨርቁን ራሱ ፈታውና ወደ እኔ ዞረ። «አቡሽ፣ ነገ አዲስ አበባ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቶ ነበር። ሲፈን ለብሳ ተዘጋጅታለች። ደረጀ «ታክሲ ካለ አይቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ተኩስ ሰማን። ከዚያ ሰዎች መጥተው ነገሩን። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። በዚያው ቀን ከሰዓት ቀበርነው።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ሴቶቹ ሲፈንን ከጭን ወደ ጭን እየተቀባበሉ «ግራኝ ናት፤ አባቷን ተክታልናለች» እያሉ ያለቅሳሉ፤ ግራ እጇንም ይስማሉ። ቀኟን የሳመ አልነበረም። ተነሳሁና ልጅቷን ተቀበልኳቸው።

«ወዴት ነው?» አለች እማዬ።

«ሐኪም ጋ።»

«ልጄን ትናንት ቀብሬ? ከለቅሶ ቤት ወጥተህ? ሰው ምን ይላል?»

ጫልቱ ከተኛችበት ሳትነሳ፣ በተዘጋ ድምፅ «ይውሰዳት» አለች።

እማዬ ተነሳች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ አንቀልባ ይዛ መጣች። ልጅቷን ጀርባዬ ላይ አድርጋ፣ ማሰሪያውን ደረቴ ላይ ራሷ ቋጠረችው። ወንድ ልጅ በአንቀልባ ሲያዝል ያየ ሁሉ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። ያልተነሳውን ድንጋይ እየዘለልኩ እስከ ዓለም ገና በእግሬ ሄድኩና ሚኒባስ አገኘሁ።

አዲስ አበባ፣ ሐኪሟ የሲፈንን ቀኝ ጣቶች አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ስትለቃቸው ተመልሰው ተጨበጡ።

«እጇ ድክመት አለው» አለችኝ። «ግን በጊዜ ነው የመጣችሁት፤ ብዙ ሰው ግራኝ ናት ብሎ ይተወዋል። መጀመሪያ ያስተዋለው ማን ነው?»

«አባቷ።»

«ጎበዝ አባት ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ እሱ ቢያመጣት ጥሩ ነው፤ የምጠይቀው ብዙ ነገር አለ።»

«አዎ» አልኳት። «እኔም እሱን የምጠይቀው ነበረኝ።»