ለትእዛዝ ቀን ያስቆረጡት ግራዝማች ይስማው

ግራዝማች ይስማው ማረፋቸውን የሰማሁት ከጭነት መኪና ጨው ሳስወርድ ነው። ሾፌሩ ወሬውን ከጆንያው ጋር አብሮ ጣለልኝ። ቢቸናም ሞጣም የምታውቋቸው ሁሉ ታዝናላችሁ። እኔም አዝኛለሁ፤ ነገር ግን ዕድሜ ልኬን ስቀናባቸው የኖርኩ ሰው ነኝና ሐዘኔ ራሱ ቅናት አላጣውም።

በልጅነት አብረን ዳዊት ደገምን፤ እሳቸው ቅኔ ቤት ሲገቡ እኔ ገበያ ገባሁ። ኋላ ለሕዝብ እንደራሴነት ተወዳደርን፤ የገዛ ዘመዶቼ ሳይቀሩ እሳቸውን መረጡ። አክስቴን ለምን ብላት፥ «አንተማ ሱቅህ አለልህ፥ ልጄ» አለችኝ።

ሁላችሁ የምታነሡላቸውን ሥራ ከሥሩ ላስረዳ። ሕዝቡ አዲሱን የእርሻ ግብር አልከፍልም ብሎ ሁከት በተነሣ ጊዜ የአውራጃው ገዥ «ጸጥታ እስኪመለስ» ብለው ገበያ ዘጉ። ያለ ይለፍ ወረቀት ከቢቸና ወደ ሞጣ መሄድ ተከለከለ፤ መንገድ ላይ ቆሞ ማውራትም ያሳስር ነበር። ጸጥታው ተመለሰ፤ ትእዛዙ ግን አልተነሣም። ክረምት ገባና ለሞጣ ገበያ ያከማቸሁት ጨው እርጥበት እየጠጣ በመጋዘኔ ወለል ላይ ይፈስ ጀመር።

ግራዝማች ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ መጥተው ሱቄ ውስጥ ተቀመጡ። እግራቸውን ከጨው ውኃው ላይ አነሣ አደረጉና፥ «ምን ይሻላል?» አሉኝ።

ተናድጄ ነበር። «እኔ ለጎረቤት በቅሎ ሳውስ ለስንት ቀን እላለሁ፤ ዋስም አስጠራለሁ። ለገዥው ይህ ሁሉ ሥልጣን የተሰጣቸው ለስንት ቀን ነው? ዋሳቸውስ ማነው?»

ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ፥ «በል በቅሎህን አውሰኝ፤ ደጀን ደርሼ ወደ ዋና ከተማው አውቶቡስ ልያዝ» አሉ።

«ለስንት ቀን?»

«እስከ ቅዳሜ» አሉ እየሳቁ።

በቅሎዋ ዓርብ ተመለሰች፤ የተቀደደው ግላሷ እንኳ ተሰፍቶላታል። የምቀየምበት ቀዳዳ አልተዉልኝም።

ምክር ቤቱ ሲከፈት ተነሡና፥ «በችግር ጊዜ የወጣ ትእዛዝ የሚያበቃበት ቀን ይቆረጥለት፤ ከዚያ ወዲያ ካስፈለገም ያወጣው ሹም እዚህ መጥቶ ያስፈቅድ። በቅሎ እንኳ ያለ ዋስ አይዋስም፤ የሕዝቡ ዋስ ይህ ምክር ቤት ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። አንድ ትልቅ ሰው፥ «ማንን ለመንካት ነው?» ሲሉ ሳቁ ቆመ፤ ግራዝማች ግን አልተቀመጡም። ሕጉ ወጣ ብዬ አልዋሽም፤ ኮሚቴ እንደገባ እስካሁን አልወጣም። የኛ ገዥ ግን ትእዛዙ መቼ እንደሚያበቃ ከበላይ ተጠየቁ፤ ቀን ከመቁረጥ ይልቅ መንገዱንና ገበያውን መክፈት መረጡ።

የሞጣ ገበያ በተከፈተ ቀን ግራዝማች በእልልታ ገቡ፤ በኔው በቅሎ። እኔ ልጓም ይዤ በጭቃው ስሄድ አንዲት ቅቤ ሻጭ፥ «አንተ የግራዝማች አሽከር፥ ፈቀቅ በል እንያቸው!» አለችኝ።

ማታ አላስቻለኝም፤ ግራዝማችን ጠየቅኳቸው። «ያች የበቅሎ ነገር የማን ነበረች?»

«ያንተ ናት። ምክር ቤት ስምህን ጠርቼ ነበር፤ ጸሐፊው ‹አንድ ነጋዴ› ብሎ ጻፈው።»

«ምነው ባልጠሩኝ! ደኅና አድርጌ እቀየምዎት ነበር።»

ዛሬ ላይ ሳስበው፥ እኔ ያን ነገር የተናገርኩት በጨው ጆንያ መካከል ነው። እሳቸው የተናገሩት ሊያሳስሯቸው በሚችሉ ሰዎች ፊት ቆመው ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቀናኝ ይኸው ነው።

በቀብሩ ዕለት ካባቸውና ጠመንጃቸው ተጭኖበት ከአስከሬኑ ኋላ የሚሄድ በቅሎ ጠፋ። የራሳቸው በቅሎ ኖሯቸው አያውቅም። ልጃቸው እኔ ዘንድ መጣች፤ «ጋሼ፥ በቅሎዎን ያውሱን።»

አፌ ለምዶበት፥ «ለስንት ቀን?» አልኩ።

«ለዛሬ ብቻ» ብላ አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም፤ ዋስ ሳልጠይቅ ሰጠኋት።

ግራዝማች፥ በቅሎዋ በዕለቱ ተመልሳለች፤ ልጅዎ እንደ እርስዎ ናት። እርስዎ ግን ለሁሉ ነገር ቀን ሲያስቆርጡ ኖረው ይህን መንገድ ቀን ሳይነግሩኝ ሄዱ። በሰላም ይረፉ። እዚያም ሸንጎ ካለ ተነሥተው መናገርዎ አይቀርም፤ ያኔ እባክዎ ከጸሐፊው አጠገብ ይቁሙና ስሜን በትክክል ያስጽፉልኝ።