አበልጄ የምታውቀው ስም

ለፖሊስ የጠቆመችኝ አበልጄ ናት። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር፣ ለተጓዦች የሚከራይ ሕንፃ ውስጥ የአልጋ ልብስ ስቀይር መጡ፤ አንሶላውን እንኳ አጥፌ እንዳስቀምጥ አልጠበቁኝም። አበልጄ ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ ሴት ናት። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ይበቃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከስም ነው። በዚያ ዘመን ወደ ሳዑዲ ከምንጎርፈው ሴቶች ብዙዎቻችን ክርስቲያን ሆነን ሳለ ደላላው በሙስሊም ስም ፓስፖርት ያወጣልን ነበር። ቪዛው ቶሎ ይገኛል ይለን ነበር። እኔም አበልጄም በዚያው መንገድ ነው የሄድነው። በኢቃማዬ፣ በመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ያለው፣ አሠሪዬም የሚጠራኝ በደላላው ስም ነው። እናቴ ያወጣችልኝን ስም በዚያ አገር የምታውቀው አበልጄ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ብሎግ መጻፍ ስጀምር የብዕር ስም ፍለጋ አልደከምኩም፤ የገዛ ስሜን አደረግሁት። ከእሱ የተሻለ መደበቂያ አልነበረኝም።

የምጽፈው ደብተር ላይ ነው። ዓርብ ከሰዓት በስልክ አነባለሁ፣ ጅዳ ወደብ መጋዘን የሚሠራ ያገሬ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይተይባል። መጀመሪያ የሚያነበን አልነበረም። ከዚያ ስለ አንዲት ልጅ ጻፍን። ጅዳ ውስጥ ከምትሠራበት ቤት አራተኛ ፎቅ ወድቃ የሞተች ልጅ ናት። ከመሞቷ በፊት ባለው ሳምንት እዚያ ወዳለው የእኛ ሰዎች ማኅበር ሦስት ጊዜ ደውላ፣ አሠሪዬ ይደበድበኛል፣ አውጡኝ ብላ ነበር። ማኅበሩ የሞተችው በሕመም ነው ብሎ ፈረመ። የፈረመችው የሴቶች ጉዳይ ኃላፊዋ ናት፤ አበልጄ። እኔ ስሟን አላነሳሁም። ማኅበሩ ፈረመ ብቻ ነው ያልኩት።

ጽሑፉ አገር ቤት ደረሰ። እስከዚያ ድረስ ጋዜጦች ስለ እኛ የሚያትሙት ከመንግሥት ቢሮ የተሰጣቸውን ነበር። አንዱ ጋዜጣ የእኛን ቃል በቃል ገልብጦ፣ ከየት እንዳመጣው ሳይናገር አተመው። ሌላው ከእሱ ገለበጠ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሹም ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ተጠየቀ፤ ሲንተባተብ በስልክ አሰሙኝ። የልጅቷ አባት ጋዜጣውን ይዞ አቤት አለ፣ ጉዳዩ ይጣራ ተባለ። የሚጠየቅ መኖሩን በዕድሜዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በጣም ደስ አለኝ። ስሟን ስላላነሳሁ አትጎዳኝም ብዬ፣ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ለአበልጄ በደስታ ነገርኳት። ጥፋቴ ይህ ነው።

ሹመይሲ፣ የስደተኞች እስር ቤት የገባሁት በቀትር ነው። አዳራሹ ውስጥ ማቀዝቀዣው አይጠፋም፣ መብራቱም አይጠፋም። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በሩ አጠገብ በተከመሩ ፌስታሎች ላይ ነው፤ ከአንዱ የሕፃን ሹራብ ወጥቶ ይታያል። የማን ናቸው ብዬ ስጠይቅ ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ቆይቶ ገባኝ። ጠባቂዋ ስም ጠርታ «ከነዕቃሽ» ካለች ተርሂል ነው፣ ወደ አገር ቤት መመለስ። «ያለ ዕቃ» ካለች ምርመራ ነው። ክምሩ ያለ ዕቃ ተጠርተው ያልተመለሱት ሴቶች ዕቃ ነበር። ማንም አይነካውም።

ስሜ የሙስሊም ነውና ሲሰገድ ልቀመጥ አልችልም። ሙስሊም ያልሆነ በማይገባባት መካ ውስጥ በሐሰት ስም የኖረች ክርስቲያን ምን እንደሚደረግባት አላውቅም፣ የምጠይቀውም ሰው አልነበረኝም። ከኋላ ቆሜ ሌላው ሲያጎነብስ አጎነብሳለሁ። ሁሌም እዘገያለሁ። አጠገቤ የምትተኛ አንዲት ወሎዬ፣ በዕድሜ ታላቄ የምትሆን፣ በሁለተኛው ቀን ታዘበችኝ።

«እታለሜ፣ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነሽ። ጉልበትሽን ያምሻል?»

«ያመኛል» አልኳት።

«አብሽሪ። ከነገ ጀምሮ ከጎኔ ቁሚ። እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።»

ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲያ አልዘገየሁም።

አዳራሹ ውስጥ የፎቋ ልጅ ታሪክ ይወራ ነበር። ከስልክ ላይ ያነበቡት ሴቶች ላላነበቡት ይነግራሉ፤ ያልጻፍኩትን ሁሉ ጨማምረውበታል። አንድ ቀን ወሎዬዋን፣ ያቺ የጻፈችው ሴት እዚህ ብትመጣ ምን ትያታለሽ አልኳት።

«ዝም በይ ነው የምላት። ሰው ሲበዛ ጆሮም ይበዛል።» ይህን ስትል እኔን አላየችኝም። የሻሿን ጫፍ ነበር የምታየው።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ጠባቂዋ የፓስፖርት ስሜን ጠራች። ያለ ዕቃ አለች። ፌስታሌን ለወሎዬዋ ሰጥቼ ክምሩ ላይ እንዳታደርገው ለመንኳት።

«ራስጌዬ ነው የማደርገው» አለች። «ትተኝበታለሽ ደግሞ።»

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መስኮት የለውም። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አስቀምጧል። አጠገቡ አስተርጓሚ ሆና የተቀመጠችው አበልጄ ናት። እዚያ ሐጂያ ነው የሚሏት። ዓባያዋ አዲስ ነው፣ እጇ ላይ መቁጠሪያ አለ። የምጽፍበትን ስም ስትነግረው የፈጠራ ስም ነው ብላው እንደነበር ከአነጋገሩ ገባኝ። ወረቀቱ እናቴ ባወጣችልኝ ስም ይጀምራል። ስለ ልጅቷ የጻፍኩት ሁሉ ሐሰት ነው፣ ማንም አልነካትም፣ በሕመም ነው የሞተችው ይላል። ከፈረምኩ በዚያው ሳምንት አውሮፕላን ላይ ነኝ። ወረቀቱ አገር ቤት ከደረሰ ደግሞ የአባትየው አቤቱታ አበቃለት።

«ፈርሚና ግቢ» አለችኝ በአማርኛ። «ልጅሽ ትጠብቅሻለች። የሞተችው እንደሆነ አትነሳ።»

ልጄን ስታነሳ እጄን ከጠረጴዛው ላይ ሳብኩ። ጭኔ ሥር ደበቅሁት።

«ይቺን ሴት አላውቃትም» አልኩ። «የእኔ ስም ኢቃማዬ ላይ አለ። የማላውቃትን ሴት ቃል አልፈርምም።»

ተረጎመችለት። መርማሪው ወደ እሷ ዞረና፣ ታዲያ ይቺ ያቺ መሆኗን አንቺ በምን አወቅሽ አላት። አረብኛው አልጠፋኝም፤ ስንት ዓመት ኖሬበታለሁ። አፏን ከመክፈቷ በፊት ቀስ ብዬ በአማርኛ ተናገርኩ።

«በይ አበልጄ፣ ንገሪው። ልጄን ያነሳሽበትን ቤተ ክርስቲያንም ጥሪለት።»

መቁጠሪያው ቆመ። መርማሪው አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ምን አለች ብሎ ጠየቃት። ግድግዳው ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ጠብታው ሲወድቅ እሰማ ነበር።

«አላውቃትም ትላለች» አለችው። «እኔም ሰው ነግሮኝ ነው። ተሳስቼ ይሆናል።»

ክርስቲያንነቷን እኔ ራሴ በአረብኛ ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ለምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቼ አላውቅም። መርማሪው ወረቀቱን ሳይፈረም አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተ። ኸላስ፣ በቃ አለ። እሷ መጀመሪያ ወጣች፤ በሩ ላይ ዓባያዋን ረግጣ ልትወድቅ ነበር።

ስመለስ ወሎዬዋ ፌስታሌን ተንተርሳ ተኝታለች። ነቅታ አየችኝና ከራሷ ሥር ስባ ሰጠችኝ። «የአስር ሶላት ደርሷል፣ ነይ ቁሚ» አለችኝ። ከጎኗ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር አቆዩኝ። አገር ቤት ስገባ ጽሑፌን የገለበጠው ያ ጋዜጣ፣ በዚህ ስም የምትጠራ ጸሐፊ የለችም፣ የተፈጠረች ናት ብሎ ጽፎ ጠበቀኝ። አልተሟገትኩትም። ማስተባበያ ስላልተገኘ የአባትየው አቤቱታ አልተዘጋም። ከሦስት ዓመት በኋላ «በሕመም» የሚለው ቃል ከመዝገቡ ተሰረዘ። በቦታው ሌላ ቃል አልተጻፈበትም።

ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ ይጽፋል። ሹሞቹም ለምደውታል፤ አይንተባተቡም፣ ዝም ነው የሚሉት። እኔ አንዲት ቃል መዝገብ ላይ ስትሰረዝ አይቻለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ነገር አየሁ የሚለኝ ካለ እሰማዋለሁ።

አበልጄ እዚያው አሥራ አንድ ዓመት ቆየች። በእነዚያ ዓመታት ስለ እሷ አንድ መስመር ብጽፍ ለመጥፊያዋ ይበቃት ነበር። አልጻፍኩም። ጠቅልላ አገሯ በገባች በማግሥቱ ብሎጉን ከፍቼ ሁለቱንም ስሞቿን፣ የፈረመችውንም ነገር ጻፍኩ። ከሥሩ የራሴን ስም ከነአባቴ አኖርኩበት።