የሰኞ ታናሽ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምትነግረን ሴት «ማር» የሚል ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም። እትዬ አበበች የአጎቴ ሚስት ናት፤ አንጋጫ ውስጥ በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። ከብቶቹ ገብተው ጭሱ ከሣር ክዳኑ ሥር ሲተኛ፣ እኔና ልጇ ታምራት ፍሙ አጠገብ ተጠጋግተን እንሰማታለን። እናቴ ከሰሜን የመጣች አስተማሪ ስለነበረች ከምባትኛዬ የሚያወላዳ አልነበረም፤ ስለዚህ ለእኔ ስትል በአማርኛ ነበር የምትተርተው። ጦጣዋ ዛፍ ወጥታ ቀፎ ስትዘርፍ፣ እትዬ አበበች ትንሽ ዝም ትልና «የንቦቹን ድካም በላችው» ትለናለች።

የባሏ አባት፣ አያታችን፣ ማዴቦ ይባላል። በእኛ አገር ወግ ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በስሙ መነሻ ድምፅ፣ በ«ማ»፣ የሚጀምር ሌላ ቃልም አትናገርም። ይሄ የከምባትኛ ወግ ነው፤ ብዙዎቹ ሴቶች አማርኛ ሲያወሩ ይተዉታል። እሷ ግን አማርኛውም ላይ አልለቅ አለች። ማንኪያ «የሾርባው ዕቃ» ነው። ማክሰኞ ደግሞ «የሰኞ ታናሽ»።

ያኔ ለእኛ ጨዋታ ነበር። በተለይ ታምራት «እማዬ፣ ጦጣዋ ምን በላች?» እያለ ሊያስታት ይሞክራል፤ እሷም «ሂድ ወዲያ፣ አንተ ሸረኛ» ብላ ትስቃለች። አንድም ቀን አልሳተችም።

አሁን ሆሳዕና ውስጥ በእርጅና የሚመጣውን የመርሳት ሕመም ከሚያጠኑት አንዷ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታምራት እናቱን ይዟት መጣ። ድስት እሳት ላይ ትታ ትወጣለች አለኝ፤ እውነቱን ነው። ግን አስቀድሞ ወስኖ ነው የመጣው፤ ቤቷን ዘግቶ፣ እዚህ ከተማ እሱ ጓሮ ካለች አንዲት ክፍል ሊያስገባት፣ አንጋጫ ካሉት የልጅ ልጆቿም ሊለያት። «በተረቷ ልጆቹን ግራ እያጋባች ነው» አለ። የእኛን ውጤት የፈለገው ለዚሁ ነው።

ዘመድ ስለሆንኩ የመረመራት ባልደረባዬ ነው፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ጨዋ ልጅ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

«እማማ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«የሰኞ ታናሽ» አለች።

ባልደረባዬ ታምራትን አየው። ታምራት ትከሻውን ነቅንቆ «ተወው፣ እንዲህ ነው የምትቀባጥረው» አለ። የማንኪያ ሥዕል ቀረበላት። የሾርባው ዕቃ። እሱም ስህተት ተባለ።

ደሜ ፈላ። በባልደረባዬ አይደለም፣ እሱ ከየት ያውቃል? ሌላ አገር፣ ለሌላ ሰው የተሰናዳ ፈተና ወደ አማርኛ መልሰን፣ በእሱ የአገራችንን እናቶች ስንት ጊዜ ታማሚ እንዳልናቸው ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል። በታምራት ግን ነደድኩ። የዚያ ጭስ እንባ እኮ የሁለታችን ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል ይባላል፤ እናቱን እንደዚያ አደረጋት።

«አያትህ ማን ይባላል?» አልኩት እፊቷ።

«ምን አመጣው አሁን?»

«ስሙን ጥራ።»

«ማዴቦ» አለ።

እትዬ አበበች አንገቷን ደፍታ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ታምራት አያት። ድምፁ አንሶ፣ «አማርኛውም ላይ?» አለኝ። ስንቱን ማታ ሊያስታት ሲታገል ያደገ ሰው ነው ይሄን የሚጠይቀኝ።

ከምባትኛ የምታውቅ ባልደረባችን ደግማ መረመረቻት። አልዋሽም፣ ሕመሙ ጀምሯታል፤ እኔን እንኳ በሟች አባቴ ስም ጠርታኛለች። ግን ታምራት ሊቀብራት ከተዘጋጀው ገና ሩቅ ነበረች። ቤቷ ተመለሰች፤ ትልቋ የልጅ ልጇ አብራት እያደረች ድስቱን ታይላታለች፣ ትንንሾቹም ፍሙ ዙሪያ ይሰበሰባሉ።

ከዚያ ወዲህ ሕመሙ እየገፋ ሄደ፤ ለዚህ መድኃኒት የለኝም። ባለፈው ወር ሄጄ አጠገቧ ስቀመጥ አላወቀችኝም። በፍሙ ብርሃን ፊቴን ረጅም ጊዜ አየችው። ጠፍቼባታለሁ፤ ታምራትም ከጠፋባት ቆይቷል። ሌላ ሰው ቢሆን «ማን ነሽ?» ይለኝ ነበር። እሷ ከንፈሯን ከፈት አደረገች፣ ቃሉን ዋጠችው፣ ትንሽ ዝም አለችና፦

«ልጄ፣ የየት ቤት ልጅ ነሽ?» አለችኝ።