ከሽሮው ሥር የነበረው ነጠላ

እህቴ «አፍሪካ ልትሄድ ነው» ተብሎ በሰፈሩ ተወራ። እኛ ሸዋ ሮቢቶች አፍሪካ ሌላ ቦታ ያለች ይመስለናል። በግንቦት ሐሩር በካርቶን ቁራጭ ራሷን የምታራግበው ጎረቤታችን እንኳ «አይ ልጄ፣ እዚያ አገር ሙቀቱ አይቻልም አሉ» ብላ አዘነችላት።

የምትሄደው ማላዊ ነበር። አዲስ የተጠመቁ ልጆችን እንድታስተምር ቤተ ክርስቲያን ነው የላካት። እኔ ተቃወምኩ፤ መቃወም ልማዴ ነው።

«የእኛው የቀወት ወረዳ ልጆች ተምረው አለቁ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ አንተን ቢሰማ ኖሮ ጳውሎስም ከቤቱ አይወጣም ነበር።»

እውነተኛው ምክንያቴ እናታችን ነበረች። ልቧ ደክሟል። ሐኪሙ ለእኔ ለይቶ የነገረኝን እናቴ ከፊቴ አንብባዋለች።

የእህቴን ሻንጣ ገበያ ወስደን በሽንኩርት ነጋዴ ሚዛን አስመዘንነው። ነጋዴው አንዴ ሻንጣውን፣ አንዴ እህቴን አየና «ወንጌል እንዲህ ይከብዳል? ወይስ በርበሬ ነው?» አላት።

«ሁለቱም» አለች።

አውሮፕላኑ ከሚፈቅደው በልጦ ስለተገኘ ቤት ተመልሰን ዘረገፍነው። ከባለ ሥዕል መጻሕፍቱና ከሽሮው ሥር እህቴ ያላስቀመጠችው ነገር ወጣ፦ ተጣጥፎ የተቀመጠ ጥቁር ነጠላ። እናታችን አባታችን ሲሞት የለበሰችው ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እዚያ አገር ባይገኝስ? በሰው አገር ነጭ ለብሰሽ እንዳታለቅሺልኝ» አለች፣ ስለ ሽሮው እንደምታወራ ሁሉ።

እህቴ አውጥታ አልጋው ላይ ጣለችው። እናቴ መልሳ ከተተችው። እህቴ እንደገና እጇን ስትሰድ፣ «ተይው፣ እሱ አይከብድም» አለቻት። በምትኩ ሽሮው ወጣ።

ከዚያ እህቴ ወደ ጓሮ ጠራችኝ። «አትደብቀኝም አይደል?»

በእኛ አገር ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። እስኪመለስ ድረስ «ደህና ናት» እየተባለ ይከርማል። ሲመጣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ እህል ሳይቀምስ ይነግረዋል። ይህን ልማድ በጽሑፍ ስንት ጊዜ ተሳልቄበታለሁ።

«እነግርሻለሁ» አልኳት።

ሄደች። በደወለች ቁጥር ስለ ልጆቹ ታወራለች፤ መዝሙር ቶሎ ይይዛሉ፣ ስሟን ግን አይችሉትም። አንድ ቀን ሳልጠይቃት «ነጠላውን ከሻንጣው አላወጣሁትም፤ እዚያው ይቀመጥ» አለችኝ።

በጥቅምት እናታችን ሞተች። ከቀብሯ ማግስት ዘመዶች ከበቡኝ። «ተው፣ ብቻዋን ናት፣ ማን ይደግፋታል?» አሉኝ። ቃሌን ግን ሰጥቻለሁ፤ ሳይረፍድ ደወልኩ። የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ጋሼ? ምነው በማለዳ?»

«እህል ቀምሰሻል?» አልኳት።

በስልኩ የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ።