መታቀፍ ያማረው አውራ ዶሮ

ትናንት ጠዋት ምራቴ ከጓሮ ብቅ ብላ፣ «እማማ፣ ጥቁሯ ዶሮ መታቀፍ አምሯታል፤ ልነካት ስል ላባዋን ነፍታ ልትበላኝ ደረሰች» አለችኝ። ምራቴ የፍላቂት ልጅ ናት፤ ላሊበላ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው። ዓይኗን አየሁት። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ በአሥራ ሰባት ዓመቴ የእኔ ነበር።

በጥር ተድሬ፣ መልሱ ተበልቶ፣ ዓቢይ ጾም ሲገባ አማቴ ዶሮዎቻቸውን አስረከቡኝ። ሦስት የሐበሻ ሴቶች፣ አንዲት አንገተ መላጣ ቄብ፣ አንዲት ቀይ የፈረንጅ፣ በላያቸው ደግሞ ገብስማ አውራ። አውራው ሲጮህ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቋጥኝ ይንከባለል ነበር፤ የተጠራጠረ ተራራውን ይጠይቅ። እኔ ግን የማስበው ከተራራው ሥር ያለችውን እናቴን ነበር። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። አዲስ ሙሽራ ያለ ምክንያት ወደ እናቷ ብትመላለስ ግን ሰው ምን ይላል?

ምክንያቱን ከሦስቱ የሐበሻ ዶሮዎች አንዷ ወሰራ ሰጠችኝ። እንቁላል መጣሏን ትታ ልትታቀፍ ተቀመጠች። እንቁላሉ ደግሞ ለፋሲካ ይፈለጋል። በእኛ አገር እንዲህ ያለችውን ዶሮ ሰው ቤት ወስደው ያሳድሯታል፤ ጎጆዋን ስታጣ ትረሳዋለች።

«ራቅ ያለ ቤት ይሁን፤ ጎረቤትማ ብትወስጃት ተመልሳ ትመጣለች» አሉ አማቴ።

«እናቴ ቤት ራቅ ይላል» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ዶሮዋን አቅፌ በረርኩ። እናቴ የገብስ ቂጣ በተልባ እያበላች፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፀጉሬን ስትዳብስ ሰነበተች። ዶሮዋ ረሳች። እኔ ግን ባሰብኝ።

ዶሮ ከሥሯ እንቁላል ሲጠራቀም መታቀፍ ያምራታል። ስለዚህ እንቁላሉን ለአማቴ እያስረከብኩ፣ በምትኩ ከወንዝ የለቀምኩትን ክብ ነጭ ጠጠር ከተትኩላት። ተታለለች። እስከ ሆሳዕና ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ መንገዱ በእግሬ ብዛት አንድ ክንድ ሳይሰምጥ አልቀረም።

አንድ ጠዋት አማቴ እጃቸውን ከዶሮዋ ሥር ሰደድ አድርገው ጠጠሩን አወጡት። ከእንግዲህ እናቴን የማያት በሌላ ሰው ሠርግ ነው አልኩ በልቤ። እሳቸው ጠጠሩን አገላብጠው አዩት።

«የላሊበላ ዶሮ ድንጋይ ብትጥል ምን ይገርማል» ብለው መልሰው አስቀመጡት።

በማግስቱ ገብስማውን አውራ እግሩን አስረው አመጡልኝ።

«ይሄም መታቀፍ አምሮታል። እናትሽ ዘንድ ውሰጂው።»

«እማማ፣ እሱ እኮ ወንድ ነው!»

«አንቺ ልጅ፣ ስለ ዶሮ እኔን ልታስተምሪኝ ነው? የዚህ ደግሞ የጠና ነው፤ ሳምንት ሳይሞላው እንዳትመልሽው።» ነጠላዬን አስተካከሉልኝና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ስዳር በዚህ ቤት አንድም ዶሮ አልነበረም» አሉ።

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ተሸክሜያት አለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጥቁሯን ዶሮ በቅርጫት አድርጌ ለምራቴ አስያዝኳት። ከዚያ ቀዩን አውራዬን ሳሳድድ ግማሽ ላሊበላን ዞሬ ያዝኩት።

«እሱ ደግሞ ምን ሆነ፣ እማማ?» አለችኝ።

«አሞታል» አልኳት። «መድኃኒቱ ያለው እናትሽ ጋ ነው።»

የፍላቂቱ ሚኒባስ ሲነሣ አውራው ከውስጥ ይጮህ ነበር። ሳምንት ልለው አስቤ ነበር። ድምፁን ስሰማው ግን የእሱም የጠና ነው፤ ሁለት ሳምንት ሰጥቼዋለሁ።